አፍ የሌላት ሙሽራ

ሦስት ዓመት ሙሉ ድራማ ሠርቻለሁ፤ በሦስቱም ዓመት ፊቴን ያየ አንድ ተመልካች የለም። ይህን ስናገር ሰው ይስቃል። ይሳቅ! እኔ ግን ዛሬም ሳስበው አንጀቴ ያርራል።

በደርግ ጊዜ ነው፣ ሰቆጣ። የአውራጃው የኪነት ቡድን ውስጥ ነበርኩ። ያኔ ኪነት የሌለው ቀበሌ አልነበረም፤ የእኛ ግን የአውራጃ ስለሆነ ከበሮም ማሲንቆም ነበረው፣ ሁለት ቁልፉ የማይሠራ አኮርዲዮንም ነበረው። ስብሰባ በተጠራ ቁጥር መዝሙር እንዘምራለን፣ መፈክር እንላለን፣ ሕዝቡም በትዕግሥት ያጨበጭባል። ሰዉ አዳራሹን የሚሞላው ግን ለመዝሙሩ አልነበረም። መጨረሻ ላይ አጭር አስቂኝ ድራማ እንሠራ ነበር፤ የሚመጣው ለእሱ ነው። ከእኛው ቆላ፣ ከዝቋላ፣ ለገበያ የመጣ ገበሬ ሳይቀር ፍየሉን በር ላይ አስሮ ይገባል።

በጣም የተወደደልን ድራማ ስለ አንዲት አማት ነበር። ምራቷን መሠረተ ትምህርት አልሰድም የምትል ቋጣሪ አሮጊት ናት። «ፊደል መቁጠር ከጀመረች የሰጠኋትን እንጀራም ትቆጥራለች!» ትላለች። ሙሽራይቱ ደግሞ እንደ አገራችን ወግ ነጠላ ተከናንባ ጥግ ላይ ትቀመጣለች። ሙሽራ አማቷን እስክትለምድ ፊቷን አትገልጥም፣ አንድ ቃልም አትተነፍስም። አማቲቱ ትለፈልፋለች፣ ሙሽራዋ ዝም ትላለች፣ ሕዝቡ በሳቅ ይፈርሳል። መጨረሻ ላይ የቀበሌ ሊቀመንበር ይመጣና ደብተር ይሰጣታል። ሊቀመንበሩ ሲመጣ ሳቁ ያልቃል፤ ግን ያለ እሱ ድራማው አይፈቀድም።

የዚያች አማት ንግግር ከየት የመጣ ይመስላችኋል? ከአክስቴ ነው፣ ከአባቴ እህት። ቤቷ ከቤታችን ዝቅ ብሎ ነበር። ስትቆጣ አማርኛው ያልቅባትና በአገውኛ ትቀጥላለች፣ አገውኛውም ሲያልቅባት በምራቋ ትጨርሰዋለች። ቤቷ የገባች ምራት ሁሉ ጠዋት ማታ የምትሰማት አንዲት ነገር ነበረች፦ «ተነሽ እንጂ! ድስቱ እግር አብቅሎ ከእሳት አይወርድልሽ!» ይህን ስትል አንድ እጇን ጉልበቷ ላይ ታደርጋለች፣ አገጯን ወደፊት ታወጣለች፣ የመጨረሻዋን ቃል ደግሞ ትጎትታታለች። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ እሷን እያስመሰልኩ እናቴን በሳቅ እገድላት ነበር።

የቡድናችን ኃላፊ አስተማሪ ነበር፣ ድራማውንም የጻፈው እሱ ነው። ጻፈ ከተባለ! ሁለት ከሰዓት በኋላ ሙሉ ፊቱ ቆሜ አክስቴን ስሆንለት እንባው እስኪወርድ ሳቀ፤ እየሳቀም እያንዳንዷን ቃል ደብተሩ ላይ አሰፈረ። እኔም ሞኟ የራሴን ፋንታ እያዘጋጀሁ መስሎኝ ነበር። በሳምንቱ ድርሻ ሲያከፋፍል ወረቀቱን አነበበ። አማት፦ አብሮን የሚሠራው ልብስ ሰፊ። ሙሽራ፦ እኔ።

«ጓድ ኃላፊ፣ ተሳስተዋል» አልኩት።

«አልተሳሳትኩም። መልክሽ ለሙሽራ ነው።»

«መልኬ ለሙሽራ ከሆነ ለምን በነጠላ ትሸፍኑታላችሁ?»

«ሕዝቡ ከሥር መኖሩን ያውቀዋል» አለኝ። ይህን ያለኝ ሰው የሰው ልጅ አስተማሪ ነው እንግዲህ! ቀጥሎም ሴት ልጅ ራሷን አስቀይማ፣ አፏን አጣማ ሕዝብ ስታስቅ ደስ እንደማይል አስረዳኝ። ወንድ ሴት ሲሆን ያስቃል፣ ሴት ሴት ስትሆን ምኑ ያስቃል? አለ። መልሱ በዝቶ አፌ ላይ ተጨናነቀ።

አባቴ መሪጌታ ነበር። ልጁ መድረክ ላይ መውጣቷን መጀመሪያ ሲሰማ «አዝማሪ ልትሆኚ ነው?» ብሎ ሦስት ቀን አኮረፈኝ። ድርሻዬ ምን እንደሆነ ስነግረው ግን ቀለል አለው። «ፊትሽ ካልታየ፣ ድምፅሽም ካልተሰማ ግድ የለም፣ ሂጂ» አለኝ። እኔን ያቃጠለኝ ነገር እሱን አስደሰተው። ምን ላድርግ? ከቤት ከመቅረት ተሸፍኖ መቀመጥ ይሻላል ብዬ ሄድኩ።

ልብስ ሰፊው ደግ ሰው ነበር፣ እሱን አልወቅሰውም። በገበያው በኩል በአንዱ ሱቅ በረንዳ ላይ ማሽኑን ዘርግቶ የሚሰፋ፣ ቀልደኛ፣ ከነጋዴ ቤተሰብ የተወለደ ሙስሊም ነው። ቀልዱ ግን የሱቅ በረንዳ ቀልድ ነበር፤ ሰው ሲበዛበት ቃል ይጠፋበታል። አሮጊት እንዴት እንደምትራመድ፣ እንዴት «እህህ» ብላ እንደምትነሳ፣ እንዴት ዓይኗን ጨፈን አድርጋ እንደምታይ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። አንድ ነገር ብቻ እንቢ አለ። ጢሙን አልላጭም አለ! «ድራማው ያልፋል እህቴ፣ ጢሜ ግን የአባቴ ነው» አለ። ስለዚህ አማቲቱ ሁልጊዜ በነጠላዋ ጠርዝ አፏን ሸፍና እንድትናገር ተደረገ። አሮጊቶች እንዲህ ያደርጋሉና ማንም አልጠረጠረም።

ቃል እየጠፋበት ሲያስቸግር ደግሞ ኃላፊያችን ዘዴ አገኘ። ሙሽራይቱ ከአማቷ ጎን ነው የምትቀመጠው፤ ነጠላ ለብሳለች፣ አፏን ማንም አያይም። እና ጽሑፉን እኔ እንድይዝና ከሥር እንዳንሾካሹክለት ተወሰነ። ልብስ ሰፊው ራሱ በነጠላዬ ውስጠኛ በኩል ወረቀቷ የምትገባበት ኪስ ሰፋልኝ። በኋላማ ወረቀቱም አላስፈለገኝም። እኔ በሹክሹክታ እላለሁ፣ እሱ በጩኸት ይደግማል፣ አዳራሹ ይናጋል። ሳቁ የሚጀምረው ከእኔ አፍ ነበር፣ የሚደርሰው ግን እሱ ዘንድ ነው። ሦስት ዓመት እንዲህ ስሆን ከነጠላው ሥር ስንት ጊዜ ጥርሴን እንደነከስኩ የማውቀው እኔ ነኝ።

አንድ ቀን ኃላፊያችን ከአውራጃው ጽሕፈት ቤት እየሮጠ መጣ። ከአዲስ አበባ የቴሌቪዥን ሰዎች መጥተው ድራማችንን ሊቀርጹ ነው! ሰቆጣ ውስጥ ያኔ ቴሌቪዥን አልነበረም፤ ደሴ የሄደ ሰው ብቻ ነው አይቶ የሚያወራው። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ይሉታል ይህን ነው፤ አገር ሁሉ ሊያየን ነው፣ እኛ ራሳችንን አናይም። ሌላም ወሬ ነበር። ከተቀረጹት ውስጥ ጎበዙን መርጠው ደሴ፣ የክፍለ ሀገሩ ቡድን ውስጥ ያስገቡታል ተባለ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ አንድ ጊዜ በገዛ ፊቴ ያቺን አማት ልሁናት አልኩ። ሌላ ነገር አልፈለግሁም። አባቴን ለማሳመን አክስቴን ልልክ፣ እሷም ካቃታት እግሩ ላይ ልወድቅ አስቤ ነበር።

መጀመሪያ ልብስ ሰፊው ዘንድ ሄድኩ። ማሽኑን አቁሞ ሰማኝ።

«ወላሂ ውሰጂው! እኔ ካሜራ ገና ሳላየው የማውቀውም ቃል ጠፍቶኛል። ያንቺው ነገር ነው፣ ውሰጂው» አለኝ።

ሁለታችን ተያይዘን ኃላፊው ዘንድ ሄድን። ጋሼ ልብስ ሰፊው ተናገረ፣ እኔ ተናገርኩ፣ ለመንን። ኃላፊያችን መሳቢያውን ከፍቶ አንድ ወረቀት አወጣ። የተዋናዮቹ ስም ከነድርሻቸው ተጽፎ፣ ታይቶ፣ ጸድቆ፣ ማኅተም አርፎበታል። ግልባጩም ደሴ ሄዷል። «አማት ተብሎ ማኅተም የተደረገው በእሱ ስም ነው። አሁን ብቀይረው ለምን ቀየርክ እባላለሁ። ማን አዘዘህ እባላለሁ። ጓዲት፣ ይህ ጊዜ ማኅተም የሚነካበት ጊዜ አይደለም» አለኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እዚያ ቢሮ ውስጥ ሁለቱም አንድ ላይ ነበሩ።

ያኔ ነው ክፉ ሐሳብ የመጣብኝ። ልብስ ሰፊው ያለ እኔ ሹክሹክታ ሁለት ቃል አይቀጥልም። እንግዲያው ዝም እላለሁ! ካሜራው ፊት ይደናገራል፣ ቀረጻው ይቆማል፣ ኃላፊው ቢጨንቀው ወደ እኔ ይዞራል። ማኅተሙም ያኔ አፍ አውጥቶ አይናገርም። ዝም አይነቅዝም አልኩና ነጠላዬን አጥቤ ጠበቅሁ።

የገበያ ቀን ነበር፣ ረፋዱ ላይ። የቴሌቪዥን ሰዎቹ በላንድሮቨር መጡ፣ ጄኔሬተር ከውጭ አስነሱ፣ መብራት ሲያበሩ አዳራሹ እንደ ምድጃ ጋለ። ማይክሮፎናቸውን ፊታችን ካለው መሶብ ጀርባ ደበቁት። ካሜራ የያዘው ሰውዬ ቀጭን፣ ነገረ ሥራው ሁሉ ችኩል ነው። «ፊልማችን ትንሽ ነው፤ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የምናነሳው፣ ከተበላሸ ተበላሸ» አለ። አዳራሹ ጢም ብሏል። አክስቴ ከፊት ተቀምጣለች። አባቴ ጋቢውን ተከናንቦ በሩ ላይ ቆሟል፤ ለምን እንደመጣ እስከ ዛሬ አላውቅም።

መጀመሪያው ደህና ሄደ። አልጨከንኩበትም፣ ጥቂት ጥቂት እያንሾካሾክሁ አሻገርኩት። ከዚያ ያቺ የአክስቴ ቃል ደረሰች። ጋሼ ልብስ ሰፊው እጁን ጉልበቱ ላይ አደረገ፣ ነጠላውን ወደ አፉ ሳበ፣ ጠበቀኝ።

ዝም አልኩ።

እሱም ዝም አለ። ጄኔሬተሩ ከውጭ ይንደቀደቃል። ከኋላ አንድ ሰው ሳል ጀመረው። ልብስ ሰፊው በጉልበቱ ጉልበቴን ይጎስመኛል፤ «እህቴ… እህቴ ኧረ በአላህ» ሲል ሰማሁት። አንጀቴ አልራራም አለ። በነጠላው ውስጥ ሆኜ ባለካሜራው ሰውዬ አንገቱን ቀና ሲያደርግ አየሁት። ኃላፊው ከመጋረጃው ጀርባ ላቡን ይጠርጋል። ትንሽ ነው የቀረው። አንድ ጊዜ ትንፋሽ ስቤ እስካወጣ ብታገሥ ኖሮ ቀረጻው ይቆም ነበር።

ግን ያቺ ቃል! ሕዝቡ እየጠበቃት ነው፤ ለመሳቅ አፉን ከፍቶ የተቀመጠ ሰው ፊት ለፊቴ አለ። ቀልድ ጊዜው ካለፈ እንደ በረደ ሽሮ ነው፣ ማንም አይነካውም። ሦስት ዓመት ያሳደግኳት ቃል ፊቴ ላይ ልትሞት ነው። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም፤ እኔም አላወቅሁም።

«ተነሽ እንጂ! ድስቱ እግር አብቅሎ ከእሳት አይወርድልሽ!»

በሹክሹክታ አልነበረም። በአክስቴ ድምፅ፣ በሙሉ ጉሮሮዬ ነው። አዳራሹ ተናጋ! ጋሼ ልብስ ሰፊው ደንግጦ ዘለለ፣ ወዲያው ነገሩ ገባውና በነጠላው ሥር ጢሙን ማንቀሳቀስ ጀመረ። ከዚያ በኋላ አልቆምኩም። እስከ መጨረሻው እኔ ተናገርኩ፣ እሱ እጁን አወናጨፈ። ጽሑፉ ላይ የሌለም ጨመርኩ። እንደዚያ ቀን አድርጌ አላውቅም፣ ከዚያም ወዲህ አላደረግሁም። ባለካሜራው ሰውዬ ራሱ ትከሻው በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር። ያልሳቀች አክስቴ ብቻ ነበረች፤ ዓይኗን ከነጠላዬ አልነቀለችም።

ሲያልቅ ሰውዬው ካሜራውን ጥሎ ልብስ ሰፊውን አቀፈው። «ምን ዓይነት ድምፅ ነው ያለህ ወንድሜ! ከየት አመጣኸው?» አለው።

«የእኔ አይደለም። የሷ ነው» አለ ጋሼ ልብስ ሰፊው፣ በእጁ እያሳየኝ።

ኃላፊያችን በመሐል ገባ። «አቤት ትሕትናው!» አለና የልብስ ሰፊውን እግር ሲረግጠው ከነጠላው ሥር አየሁት። ሰውዬውም ሳቀ።

እኔ እዚያው ተቀምጫለሁ። ነጠላዬን መግለጥ ነበር የሚጠበቅብኝ። ገልጬ፣ ቆሜ፣ ያቺኑ ቃል አንድ ጊዜ መድገም። ግን በሩ ላይ አባቴ አለ፤ ድምፅሽ ካልተሰማ ብሎ የላከኝ አባቴ። ከጥቂት ደቂቃ በፊት አገር በሚሰማው ድምፅ ተነሽ ብዬ የጮህኩት በራሴ ላይ ነበር፤ እኔው ታዝዤ መነሳት አቃተኝ።

ወደ ቤት ስንወጣ አክስቴ ከኋላ ደረሰችብኝና ክንዴን ቆነጠጠችኝ፣ ሥጋዬ እስኪላቀቅ።

«አንቺ ነሽ» አለችኝ።

«እትዬ፣ በሞትኩት፣ ለአባባ እንዳይነግሩ።»

«አልነግርም። ቃሌን በገዛ ጆሮዬ ሰማሁ እኮ፤ የዚያ የጢማም አይደለም። አንቺ ልጅ፣ ሌላ ጊዜ ስትሰርቂኝ ፊትሽን ገልጠሽ ስረቂኝ!» ብላኝ ቀድማኝ ሄደች። መንገዱን ሙሉ እያለቀስኩ ተከተልኳት።

ወር ያህል ቆይቶ ከደሴ ደብዳቤ መጣ፣ በልብስ ሰፊው ስም። አልሄድም ብሎ ነበር፤ ግን በዚያ ዘመን በደብዳቤ የተጠራ ሰው አልሄድም አይልም። ማሽኑን ቆልፎ ሄደ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ተመልሶ በረንዳው ላይ አገኘሁት፣ ሱሪ እያሳጠረ።

«ምን አሉህ?» አልኩት። ሰላምታም አልሰጠሁት።

«ያንን ድምፅ አሰማን አሉኝ። አፌን ከፈትኩ፣ የእኔው ድምፅ ወጣ። ደግሜ ሞከርኩ፣ እሱው ነው። በኋላ ጨነቀኝና እውነቱን ተናገርኩ። ሙሽራዋ ናት የተናገረችው፣ ያቺ የተሸፈነችው፣ እሷን ጥሯት አልኳቸው።»

«እና?»

መርፌውን አየ፣ እኔን አላየኝም። «ሳቁ» አለ።

«ምን ያህል ሳቁ?»

«ወላሂ እንባቸው እስኪወርድ። አንዱማ ጠረጴዛውን ይደበድብ ነበር። ድራማው ላይ እንኳ እንደዚያ አልሳቁም አሉ። ‹አፍ የሌላት ሙሽራ ተናገረች!› እያሉ ሌላ ቢሮ ሄደው ሁሉ አወሩት። ከዚያ መሸኛ ጽፈው መለሱኝ።»

ደሜ ፈላ። በዕድሜዬ ሰው በሳቅ ያስለቀስኩበት ትልቁ ቀልድ እውነቴ ነበር ማለት ነው! ጋሼ ልብስ ሰፊውን መሳደብ አማረኝ፤ ግን ምን አጠፋ? እውነት ተናገረ፣ ያውም ሁለት ጊዜ። ማሽኑ ላይ የነበረውን ጨርቅ አንስቼ መሬት ወረወርኩና ሄድኩ። አንስቶ አራገፈው፤ ምንም አላለኝም።

ከዚያ በኋላ ድርቁ መጣ፣ ጦርነቱም መጣ፣ አዳራሹ የእርዳታ እህል ማስቀመጫ ሆነ። ቡድኑም ተበተነ። አባቴም አክስቴም አረፉ። እኔ አግብቼ ወልጄ፣ አሁን ወልዲያ ልጄ ቤት ነው ያለሁት። የቴሌቪዥን እጥረት የለብንም፣ ቀኑን ሙሉ ሲጮህ ይውላል።

ባለፈው እሑድ ከሰዓት ምራቴ ድስት ጥዳ መጥታ አብረን ተቀምጠን ሳለ የድሮ ነገር የሚያሳይ ፕሮግራም መጣ። ዝም ብዬ ሳይ መሶቡን አወቅሁት። ያ አዳራሽ፣ ያ ጢማም አሮጊት አፉን ሸፍኖ! ጥጉ ላይ ደግሞ አንድ የነጠላ ክምር። ምራቴ መሳቅ ጀመረች። ጨዋ ልጅ ናት፣ ፊቴ ቀና ብላ አትናገርም፤ ያን ቀን ግን ሆዷን ይዛ ሳቀች። «አቤት ይቺ አሮጊት!» ትላለች።

«ይህ ውስጥ እኔ አለሁ» አልኳት።

«እውነት እማዬ? የትኛዋ ነዎት?»

«የተሸፈነችው።»

ጠጋ ብላ አየች። አዘነችልኝ መሰለኝ። «ውይ እማዬ፣ ምነው አንድ ቃል እንኳ ቢሰጥዎት» አለችኝ።

ያኔ ቴሌቪዥኑ ውስጥ ልብስ ሰፊው እጁን ጉልበቱ ላይ አደረገ። ያ ዝምታ መጣ። አሁን! አልኩ። ፊቴ ግልጥ ነው፣ አባቴ በሩ ላይ የለም፣ ማኅተምም የለም። ሳቀችም አልሳቀችም በዓይኗ እያየችኝ ልላት ነው። ከተቀመጥኩበት ቀና አልኩ፣ እጄን ጉልበቴ ላይ አደረግሁ፣ አገጬን አወጣሁ፣ እንደ አክስቴ መጨረሻዋን ጎትቼ አልኩት፦

«ተነሽ እንጂ! ድስቱ እግር አብቅሎ ከእሳት አይወርድልሽ!»

ምራቴ ሳቋ ፊቷ ላይ ደረቀ። ቴሌቪዥኑን አላየችም፣ እኔን አየችኝ። ከዚያ ዓይኗን ሰበር አድርጋ «እሺ እማዬ፣ ይቅርታ፣ ረስቼው ነው» አለችና ነጠላዋን ሰብስባ ወደ ማድ ቤት ሄደች።